ዣክ ፕላንት፤ ፊቱን የከለለው ግብ ጠባቂ

በማናቸውም ሙያ ውስጥ ከመለመዱ የተነሣ አደጋ መሆኑ የተዘነጋ አደጋ አይጠፋም። ድንጋይ ጠራቢው ዓይኑን ሳይከልል ይጠርባል፤ አናጢው ከጣራ ጫፍ ላይ ያለ መታጠቂያ ይቆማል። ከእነሱ በፊት የነበሩት እንደዚሁ ሲሠሩ ስለ ኖሩ፣ ሁኔታው የሥራው ባሕርይ እንጂ የአሠራር ጉድለት መስሎ አይታይም። ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛም ጠባሳውን የወንድነት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። መከላከያ መሣሪያ ነድፎ ለሚያቀርብ ባለሙያ ከቁሳቁስ እጥረትና ከገንዘብ ችግር ይልቅ የሚከብደው ይኸው አስተሳሰብ ነው። መሣሪያው ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ዋጋው ተመጥኖ ከቀረበ በኋላ እንኳ የሚለብሰው ሰው ይታጣልና።

ይህ ሁኔታ በግልጽ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ፣ ብዙዎች እንደ ሥራ የማይቆጥሩት፣ የበረዶ ላይ ሆኪ ግብ ጥበቃ ነው። በዚህ ሙያ የዓለም ዝና ያተረፈው ካናዳዊው ዣክ ፕላንት በዘመኑ 7 ጊዜ የምርጥ ግብ ጠባቂነት ሽልማት አግኝቷል፤ ቡድኑም 6 ጊዜ የስታንሊን ዋንጫ ሲወስድ አብሮ ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ እስከ ዛሬ በይበልጥ የሚነሣው በዋንጫዎቹ ብዛት ሳይሆን፣ በአንድ ሌሊት ፊቱን ሳይከልል ወደ ሜዳ አልመለስም በማለቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጨዋታው ጠባይ

የበረዶ ላይ ሆኪ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ቢሆንም መሠረተ ሐሳቡ ከገና ጨዋታ ብዙም የራቀ አይደለም። በሁለቱም ቆልማማ ዱላ አለ፤ በሁለቱም የሚመታውን ነገር ወደ ተቃራኒው ወገን ግብ ለማድረስ ግፊያና ትግል አለ። በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ በሚደርስ ጉዳት ጌታ እንኳ እንደማይቆጣ ሲነገር እንደኖረ ሁሉ፣ በሆኪውም ሜዳ ደም መፍሰሱ ከጨዋታው የማይለይ ነገር ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል።

ልዩነቱ በሩሩ ፈንታ የሚመታው ፐክ የተባለው ክብና ጠፍጣፋ ነገር ነው። ፐክ ከጠንካራ ጎማ የሚሠራ ሲሆን የጎኑ ስፋት 7.6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 170 ግራም ያህል ነው። ተጫዋቾቹ ስለታማ ብረት በተገጠመለት ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይመቱታል። ግቡ 183 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 122 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው።

ነገሩን በምህንድስና ስሌት ማየት ይጠቅማል። 170 ግራም የሚመዝን ፐክ በሴኮንድ 40 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 136 ጁል የሚሆን የእንቅስቃሴ ኃይል ይዟል። ይህም 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከ1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ይህን ኃይል የተሸከመ፣ ጠርዙ የጠበበ ጎማ የሰው ጉንጭ ወይም ግንባር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም። በ1950ዎቹ ዓመታት ተጫዋቾች ዱላቸውን ወደ ኋላ አንሥተው በሙሉ ጉልበት መምታትን እያዘወተሩ በሄዱ መጠን የፐኩ ፍጥነት ጨመረ። ግብ ጠባቂው ግን እግሩን በወፍራም ቆዳ፣ ደረቱን በመደገፊያ ሸፍኖ፣ ፊቱን እንደ ተገለጠ ይዞ መቆሙን ቀጠለ።

አስም ግብ ጠባቂ ያደረገው ልጅ

ዣክ ፕላንት ጃንዋሪ 17 ቀን 1929 በካናዳ በኩቤክ ግዛት፣ በሞን ካርሜል አቅራቢያ በሚገኝ የገበሬ ቤት ተወለደ። ለወላጆቹ ከ11 ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሻዊኒጋን ከተማ ተዛወረ፤ አባቱም በዚያ በፋብሪካ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ኑሯቸው የድህነት ኑሮ ስለ ነበር የመጀመሪያውን የግብ ጠባቂ ዱላ አባቱ ከዛፍ ሥር ቀርጾ ሰጠው። እናቱም ሹራብ መሥራት አስተማረችው፤ ልጁም በኋላ ሜዳ ላይ የሚለብሳቸውን የሱፍ ቆቦች በገዛ እጁ ሲሠራ ኖረ።

ፕላንት ግብ ጠባቂ የሆነው በምርጫ ሳይሆን በሕመም ምክንያት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም ይይዘው ስለ ነበር እንደ ሌሎቹ ልጆች በረዶ ላይ ለረጅም ጊዜ ለመንሸራተት ትንፋሹ አልፈቀደለትም። 5 ዓመት ሲሆነው ከመሰላል ወድቆ እጁ ተሰበረ፤ ስብራቱም በሚገባ ሳይጠገን በመቅረቱ፣ ካደገ በኋላ በቀዶ ሕክምና እስኪታረም ድረስ አጨዋወቱን ሲያውክበት ኖሯል። እንዲህ ያለ ልጅ በአንድ ስፍራ መቆምን የሚጠይቀውን የግብ ጥበቃ ሥራ ያዘ።

በ12 ዓመቱ ገደማ የትምህርት ቤቱን ቡድን ልምምድ ቆሞ ሲመለከት አሠልጣኙ ከግብ ጠባቂው ጋር ተጣልቶ አባረረው። ፕላንት ቦታውን እንዲይዝ ጠየቀ፤ ሌላ ሰው ስላልነበረም ተፈቀደለት፤ ከዚያ ወዲያ ቦታውን አልለቀቀም። ለከተማው የፋብሪካ ቡድን ሲጫወትም በአባቱ ምክር ክፍያ ጠየቀ። አሠልጣኙ ለሌሎቹ እንዳይነግር አስጠንቅቆ ለአንድ ጨዋታ 50 ሳንቲም ሊሰጠው ተስማማ። ጥቅሙን አውቆ የሚጠይቅ መሆኑ ከዚህ ዕድሜው ጀምሮ ታይቷል።

ከ1947 ጀምሮ በኩቤክ ከተማ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ሲጫወት ሌላ አዲስ ነገር አመጣ። የቡድኑ ተከላካዮች ደካሞች ስለ ነበሩ ፐኩ ከግቡ ጀርባ ሲያልፍ ቆሞ ከመመልከት ይልቅ ከግብ ክልሉ ወጥቶ ራሱ እየያዘ ለባልደረቦቹ ማቀበል ጀመረ። በዚያ ዘመን ግብ ጠባቂ ግቡን ጥሎ መውጣቱ እንደ እብደት ይቆጠር ነበር። ፕላንት ግን በዚህ አሠራር የተቃራኒው ቡድን ጥቃት ገና ሳይደራጅ እንደሚሰናከል ተረዳ። ለባልደረቦቹ በቃልና በእጅ ምልክት መመሪያ የመስጠት ልማዱም ከዚሁ ጋር ያደገ ነው። ዛሬ የትም አገር ያለ ግብ ጠባቂ እንዲህ ማድረጉ እንደ ተራ ነገር ይታያል።

ስድስት ወንበሮች

ፕላንት በ1949 ከሞንትሪያል ካናዲየንስ ድርጅት ጋር ተዋውሎ ለሞንትሪያል ሮያልስ ቡድን መጫወት ጀመረ። በዋናው ቡድን ለመሰለፍ ግን ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። የዚህን ምክንያት ማወቅ ለኋላው ታሪክ አስፈላጊ ነው። ከ1942 እስከ 1967 ድረስ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የተባለው ታላቁ ውድድር 6 ቡድኖች ብቻ ነበሩት። እያንዳንዱ ቡድን የሚይዘው ዋና ግብ ጠባቂ አንድ ሲሆን ለጨዋታ የሚለብስ ተጠባባቂ አልነበረውም። ስለዚህ በዚህ ሙያ በከፍተኛው ደረጃ የነበሩት የሥራ ቦታዎች 6 ብቻ ነበሩ። በዝቅተኛዎቹ ሊጎች ደግሞ ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ እስኪለቀቅ የሚጠብቁ ብዙ ብርቱ ግብ ጠባቂዎች ነበሩ። ቦታ የያዘ ሰው ታምሜአለሁ ወይም ፈርቻለሁ ቢል ሌላው እንደሚተካው ያውቅ ነበር፤ በመሆኑም ፊቱ ተሰፍቶ፣ ዓይኑ አብጦ ወደ ሜዳ ይመለስ ነበር።

ፕላንት ራሱ ዋናውን ቡድን ያገኘው በሌላው ጉዳት ነው። በኖቬምበር 1952 የካናዲየንስ ግብ ጠባቂ ጄሪ ማክኒል መንጋጋው ሲሰበር 3 ጨዋታ እንዲጫወት ተጠራ። በዚህ ጊዜ አሠልጣኙ ዲክ አይርቪን ፕላንት የሱፍ ቆቡን አድርጎ እንዳይጫወት ከለከለው። ይህ ለጨዋታው ትርጉም የሌለው ትንሽ ክርክር ቢመስልም፣ ግብ ጠባቂ ምን መልበስ እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የተነሣው በዚያን ጊዜ ነው። በ1953 ግማሽ ፍጻሜ ቡድኑ በቺካጎ ተጫዋቾች ተበልጦ ከውድድሩ ሊወጣ ሲቃረብ ፕላንት ተሰለፈ፤ ጨዋታውንም አንድም ግብ ሳይቆጠርበት 3 ለ 0 አሸነፉ። በዚያው ዓመት ሞንትሪያል ዋንጫውን ወሰደ። ከ1954 እስከ 1955 በነበረው የውድድር ዘመን ፕላንት የቡድኑ ዋና ግብ ጠባቂ ሆነ። ከ1956 እስከ 1960 ድረስ ደግሞ ካናዲየንስ 5 ተከታታይ ዓመት የስታንሊን ዋንጫ ሲያነሣ፣ ፕላንትም በነዚያው 5 ዓመታት ለግብ ጠባቂ የሚሰጠውን የቬዚና ዋንጫ በተከታታይ ተሸለመ።

ጠባዩ ለአለቆቹ አይመችም ነበር። ብቸኝነትን ይወዳል፤ ገንዘብ አያባክንም፤ ስለ ጤናው አብዝቶ ይናገራል፤ ያየውን ጉድለት ሳይገልጽ አያልፍም። አንድ ጊዜ በአንዳንድ ከተሞች ሜዳ ላይ ያሉት ግቦች አግዳሚ ብረታቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ከፍታ የለውም ብሎ ተከራከረ። ብዙዎች ለተቆጠረበት ግብ ሰበብ የፈለገ መስሏቸው ሳቁበት፤ ግቦቹ ሲለኩ ግን ያለው ልክ ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት በየቀኑ የሚቆምበትን ቦታ በዓይኑ ለክቶ የያዘ ባለሙያ ስለ ነበር፣ ሌላው ያላየውን ልዩነት አየ።

ጭንብሉ እንዴት ተሠራ

እስከ 1959 ድረስ ፕላንት አፍንጫው 4 ጊዜ ተሰብሯል፤ ሁለቱም ጉንጮቹና መንጋጋው ተሰብረዋል፤ የራስ ቅሉም ተሰንጥቋል፤ ፊቱ ላይ 200 ያህል ስፌት ነበረበት። ከጉዳቶቹ አንዳንዶቹ በገዛ ቡድኑ ልምምድ ላይ የደረሱ ናቸው። በዚህ ምክንያት በልምምድ ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ግልጽ መከለያ ማድረግ ጀመረ። መከለያው ግን በትንፋሽ ይደበዝዝ፣ ብርሃንም ያንጸባርቅ ስለ ነበር ለጨዋታ አልሆነም።

ፊትን መከለል ከእሱ በፊትም ተሞክሮ ነበር። በ1927 በካናዳ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ሴት ግብ ጠባቂ የሰይፍ ጨዋታ ጭንብል አድርጋ ተጫውታለች። በ1930 የሞንትሪያል ማሩንስ ግብ ጠባቂ ክሊንት ቤኔዲክት አፍንጫው ከተሰበረ በኋላ ከቆዳ የተሠራ ጭንብል አደረገ፤ ነገር ግን ዕይታውን ስለ ጋረደው ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ተወው። ከዚያ ወዲያ ለ29 ዓመት በታላቁ ሊግ ጨዋታ ላይ ጭንብል ያደረገ ሰው አልታየም። ያልተሳካ መሣሪያ ትቶት የሚያልፈው ጉዳት እንዲህ ያለ ነው፤ የአንዱ ንድፍ ጉድለት የሐሳቡ ሁሉ ጉድለት ተደርጎ ይያዛል።

በ1958 የፍጻሜ ውድድር ላይ ፕላንት ግንባሩን ተመትቶ ሲወድቅ ከተመልካቾቹ መካከል ቢል በርችሞር የተባለ ሰው ነበር። በርችሞር በአንድ የፋይበርግላስ አምራች ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ሲሆን፣ በማግሥቱ በመሥሪያ ቤቱ ከፋይበርግላስ የተሠራ የሰው ራስ ቅርጽ ሲመለከት አንድ ሐሳብ መጣለት። ጭንብሉ በቀድሞው ሁኔታ ፊት ላይ የሚንጠለጠል ግርግዳ ከሚሆን የፊቱን ቅርጽ ተከትሎ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ቢቀመጥ ዕይታን አይጋርድም፤ የምቱንም ኃይል በሰፊ ቦታ ያከፋፍለዋል። ይህን ለፕላንት በደብዳቤ አስታወቀው። ፕላንት በመጀመሪያ ብዙም አላመነበትም ነበር፤ በኋላ ግን በቡድኑ ወጌሻ በቢል ሄድ ምክር ተስማማ።

በሞንትሪያል ጄኔራል ሆስፒታል የፕላንት ፊት ቫዝሊን ተቀብቶ፣ መተንፈሻ ቀጭን ቱቦ አፉ ውስጥ ተደርጎለት በጄሶ ተሸፈነ። ከጄሶው የፊቱ ቅርጽ ተወሰደ። በርችሞር በዚህ ቅርጽ ላይ በፖሊስተር ሬዚን የተነከረ የፋይበርግላስ ጨርቅ ድርብርብ አድርጎ አነባበረና ሲደርቅ ለዓይንና ለአፍ ክፍተት አበጀለት። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 400 ግራም ገደማ ነበር። የተጠቀመበት ቁስ በዚያን ጊዜ በኢንዱስትሪ የታወቀ ነበር፤ አዲስ የነበረው የአንድን ሰው ፊት ለክቶ በዚያው ልክ መሥራቱ ነው።

ፕላንት ጭንብሉን በልምምድ ላይ አደረገው፤ ተስማማውም። አሠልጣኙ ቶ ብሌክ ግን ለጨዋታ አልፈቀደለትም። ብሌክ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዘመኑ ከነበሩት አሠልጣኞች ሁሉ የላቀ ውጤት ያገኘ ባለሙያ ነው። ያቀረበው ምክንያትም ሁለት ነበር፤ አንደኛው ጭንብሉ እግር ሥር ያለውን ፐክ እንዳያይ ያደርገዋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊቱን የከለለ ግብ ጠባቂ ንቃቱ ይቀንሳል የሚል ነው። የመጀመሪያው በመለካት የሚረጋገጥ ክርክር ነው። ሁለተኛው ግን በማናቸውም ሥራ ላይ መከላከያ በቀረበ ቁጥር የሚነሣ፣ ፍርሃት ሠራተኛን ያተጋል የሚል የቆየ እምነት ነው።

ኖቬምበር 1 ቀን 1959

በዚያች ምሽት ካናዲየንስ በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከሬንጀርስ ቡድን ጋር ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው በተጀመረ በ3ኛው ደቂቃ ገደማ አንዲ ባዝጌት በቅርብ ርቀት የመታው ፐክ የፕላንትን ፊት አገኘው። በረዶው ላይ በደረቱ ወደቀ፤ ደሙም ፈሰሰ። ደግፈው ወደ ሕክምና ክፍል አስገቡት፤ አፍንጫውና ከንፈሩ መካከል በ7 ስፌት ተሰፋ።

ጨዋታው ቆሞ ሺዎች ይጠብቃሉ። ብሌክ ከቀድሞው ያልተለየ ነገር ጠበቀ፤ ሰውየው ይሰፋል፣ ይነሣል፣ ይመለሳል። ፕላንት ግን ጭንብሉን ካላደረግሁ አልመለስም አለ። በዚያን ጊዜ ካናዲየንስ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ አልነበራቸውም። በሜዳው ባለቤት በኩል ለእንዲህ ያለ ችግር የሚቀርበው ሰው ቢኖርም ከዓለም ምርጡ ግብ ጠባቂ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ብሌክ ምርጫ ስላጣ ተስማማ። ፕላንት ነጣ ባለው ጭንብል ፊቱን ሸፍኖ ከክፍሉ ሲወጣ ተመልካቹ በመገረም ተመለከተው። ጨዋታውም ቀጥሎ ሞንትሪያል 3 ለ 1 አሸነፈ።

ብሌክ የፈቀደው ቁስሉ እስኪድን ነበር፤ ፕላንት ግን ቁስሉ ከዳነም በኋላ አላወለቀውም። ቡድኑ ማሸነፉን ስለ ቀጠለም ክርክሩ እየደከመ ሄደ። ማርች 8 ቀን 1960 በአሠልጣኙ ጥያቄ ከዲትሮይት ጋር ያለ ጭንብል ተጫወተና ቡድኑ 3 ለ 0 ተሸነፈ። አንድ ጨዋታ ለሳይንሳዊ ማረጋገጫ የሚበቃ ባይሆንም ለብሌክ በቃው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጭንብሉ ተመልሶ አልወለቀም። በዚያው ዓመት ካናዲየንስ በማጣሪያና በፍጻሜ ያደረጓቸውን 8 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ፕላንት ያሸነፈው ክርክሩ ከሌሎቹ ስለ በለጠ አይደለም። ያንኑ ክርክር ሌሎች ግብ ጠባቂዎችም በልባቸው ያውቁት ነበር። ያሸነፈው በዚያች ሰዓት የሚተካው ሰው ባለመኖሩ ነው። ከስድስቱ ቦታዎች አንዱን ለማግኘት በዝቅተኛ ሊግ የሚጠብቅ ወጣት ያንኑ ቃል ቢናገር በማግሥቱ ሌላ ሰው ይተካበት ነበር። የሠራተኛ ደኅንነት ከሠራተኞቹ ሁሉ ጠንካራ በሆነው ሰው እምቢታ ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሰው እስኪመጣ ድረስ ስንት ሰው ዓይኑን ወይም ጥርሱን እንደሚያጣ መገመት ይቻላል። ከቤኔዲክት እስከ ፕላንት 29 ዓመት አልፏል።

የጭንብሉ ፈተና

ጭንብሉ ወዲያው በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። የዲትሮይቱ ቴሪ ሳውቹክ በ1962 አደረገው፤ ሌሎችም ተከተሉ። ገምፕ ወርስሊ የተባለው ዝነኛ ግብ ጠባቂ ግን ያደረገው በ1974፣ በሙያው የመጨረሻ ጨዋታዎች ላይ ነው። በዚያው ዓመት አንዲ ብራውን በብሔራዊ ሊግ ፊቱን ሳይከልል የተጫወተ የመጨረሻው ግብ ጠባቂ ሆነ። እንግዲህ ጥቅሙ በሰው ሁሉ ፊት የታየ መሣሪያ በስድስት ቡድን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እስኪለመድ 15 ዓመት ፈጅቷል።

በርችሞርና ፕላንት በበኩላቸው የመጀመሪያው ጭንብል ፍጹም ነው ብለው አልተቀመጡም። ሙሉው ገጽ ሙቀት ስለሚይዝ በ1960 ከፋይበርግላስ ድርና ማግ የተጠማዘዙ ዘንጎችን በማያያዝ ክብደቱ የቀለለና አየር የሚያስገባ ሌላ ዓይነት ሠሩ። ፕላንት እያንዳንዱን ለውጥ በሜዳ ላይ እየፈተነ የሚያስተካክለውን ይናገር ነበር። ሠሪና ተጠቃሚ እንዲህ በቅርብ የተባበሩበት ሥራ በመሆኑ ጭንብሉን የአንዱ ብቻ ፈጠራ ማለት ያስቸግራል።

ፕላንት በ1962 እንደገና የቬዚና ዋንጫን፣ በተጨማሪም ከተጫዋቾች ሁሉ ለቡድኑ እጅግ ለጠቀመው የሚሰጠውን የሃርት ዋንጫ አገኘ። ይሁን እንጂ ከብሌክ ጋር የነበረው ግንኙነት እየሻከረ ሄዶ በ1963 ለኒውዮርክ ሬንጀርስ ተሰጠ፤ በምትኩ ሞንትሪያል የመጣው ያው ጭንብል የማይወደው ወርስሊ ነበር። ፕላንት በ1965 ጨዋታ አቁሞ በአንድ የቢራ ኩባንያ የሽያጭ ሥራ ያዘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለአንድ ጨዋታ ተጋብዞ ከሞንትሪያል ወጣቶች ጋር ተሰለፈና የሶቪየት ኅብረትን ብሔራዊ ቡድን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የሜዳው ኮከብ ሆነ።

ሊጉ በ1967 ከ6 ወደ 12 ቡድን ሲሰፋ አዲስ የተቋቋመው የሴይንት ሉዊስ ቡድን በ1968 መልሶ ጠራው። በ40 ዓመቱ ከግሌን ሆል ጋር እየተፈራረቀ ግብ ጠብቆ በ1969 ሁለቱ የቬዚናን ዋንጫ በጋራ ተሸለሙ። ለፕላንት 7ኛው መሆኑ ነው።

ጭንብሉ ከሁሉ የከበደውን ፈተና ያለፈው በሜይ 1970፣ ከቦስተን ጋር በተደረገው የመጀመሪያ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ነው። ፍሬድ ስታንፊልድ በኃይል የመታው ፐክ በሌላ ተጫዋች ዱላ ተነክቶ አቅጣጫውን በመለወጥ የፕላንትን ግንባር መታ። ጭንብሉ ተሰነጠቀ፤ ፕላንትም ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ወደ ሆስፒታልም ተወሰደ። ሲነቃ ጭንብሉ ባይኖር ኖሮ በሕይወት እንደማይተርፍ ተናገረ። ጭንብሉ መሰበሩ የድክመት ምልክት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሲሰበር ከምቱ ኃይል ከፊሉን በራሱ ላይ ጨርሶታል። በሌላ በኩል አደጋው የንድፉን ጉድለትም አሳይቷል፤ ፊት ላይ ተለጥፎ የሚቀመጥ ሽፋን የተረፈውን ኃይል በቀጥታ ወደ ራስ ቅል ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ጭንብሎች ከፊት ራቅ ብለው የሚቀመጡ፣ ውስጣቸው መደገፊያ ያለው፣ ፊት ለፊታቸውም የብረት ፍርግርግ የተገጠመላቸው የሆኑት ለዚህ ነው።

ፕላንት በዚያው በ1970 ፋይብሮስፖር የተባለ ጭንብል የሚሠራ ድርጅት በኩቤክ በማጎግ ከተማ አቋቋመ። ራሱም መጫወቱን አላቆመም። ወደ ቶሮንቶ ቡድን ተዛውሮ በ42 ዓመቱ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 1.88 ግብ ብቻ በማስቆጠር ከሊጉ ግብ ጠባቂዎች ሁሉ በለጠ። በ1972 ስለ ግብ ጥበቃ መጽሐፍ አሳተመ፤ በርኒ ፓረንት የተባለውን ወጣት አስተማረ። ፓረንት በ1974 እና በ1975 ቡድኑን ለሁለት ዋንጫ ያበቃ ግብ ጠባቂ ሆኗል። ቀድሞ ብቸኛና ለሰው የማይመች ይባል የነበረው ሰው የሚያውቀውን ለተተኪዎቹ አልነፈገም።

ፍጻሜው

በ1975 በኤድመንተን ቡድን ልምምድ ላይ ሳለ የመጨረሻ ልጁ መሞቱን ሰማ። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ አልተመለሰም። ከሁለተኛ ባለቤቱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ተቀመጠ፤ አልፎ አልፎም ወደ ሰሜን አሜሪካ እየተመለሰ ግብ ጠባቂዎችን ያሠለጥን ነበር። በ1978 በሆኪ የዝና አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1986 በጄኔቫ በጨጓራ ካንሰር ሕመም በ57 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሲዬርም ተቀበረ። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከኩቤክ የመጡ ወጣት ተጫዋቾች የሆኪ ዱላዎቻቸውን በአናቱ ላይ አጋጥመው አሳለፉት። ካናዲየንስ በ1995 ይለብሰው የነበረውን 1 ቁጥር ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ወስነዋል።

በሊጉ 837 መደበኛ ጨዋታዎች ላይ ተሰልፎ በ82ቱ አንድም ግብ ሳያስገባ ወጥቷል። እነዚህን ቁጥሮች ከእሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ግብ ጠባቂዎች አልፈዋቸዋል፤ ሌሎችም ያልፏቸዋል። በኒውዮርክ የሕክምና ክፍል ውስጥ የወሰደው ውሳኔ ግን በዓለም ላይ ሆኪ በሚጫወትበት ስፍራ ሁሉ ግብ በሚጠብቅ ልጅ ፊት ላይ ይታያል። ልጁ ጭንብሉን የሚያደርገው ስለ ፈራ ወይም ስለ ጀገነ አይደለም። ያለ እሱ መጫወት የሚቻል መሆኑን እንኳ አያስብም። አንድ የደኅንነት መሣሪያ ሥራውን ፈጸመ የሚባለው የለበሰው ሰው እንዲህ ሲዘነጋው ነው፤ ለዚያ ለማድረስ ደግሞ የሚለካ ሠሪ፣ የሚመክር ወጌሻና ቦታውን ለማጣት ደፍሮ እምቢ የሚል ባለሙያ በአንድ ጊዜ መገናኘት ነበረባቸው።